የግል አብራሪ ፈቃዴና ካፒቴን ነስሩ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቡታጅራ ውስጥ ሰዎች ሲያስተዋውቁኝ «ብርነሽ ትባላለች፤ ፓይለት ነበረች» ይላሉ። ለማረም እሞክራለሁ፤ የሚሰማኝ ግን የለም። እኔ የአውሮፕላን መካኒክ ነበርኩ። ልጆቼን ያሳደግኩት በመፍቻ ነው። መብረር የተማርኩት ዘግይቼ፣ ሁለቱንም ከወለድኩ በኋላ ነው። ያገኘሁትም የግል አብራሪ የሚባለውን፣ ተሳፋሪ አስከፍሎ መጫን የማይፈቅደውን ትንሹን ፈቃድ ነው። ዘንድሮ ለአብራሪነት ፈቃዴ ዓመታዊ የጤና ምርመራ ስሄድ ሐኪሙ ዓይኔን ደጋግሞ አየና «ከእንግዲህ ይበቃሻል፣ እናቴ» አለኝ። አልከፋኝም። ወደ ቤት ስመለስ ግን ያ ሁሉ ዘመን ተግተልትሎ መጣብኝ፤ ሳይጠፋብኝ ልጻፈው አልኩ።

የተወለድኩት እዚሁ ቡታጅራ ነው። አባቴ ገበያው አጠገብ ምስማር፣ ማጠፊያና ቁልፍ ይሸጥ ነበር። ብረት ስነካ ያደግኩ ስለሆነ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ስገባ ማንም አልገረመውም። አዲስ አበባ ባለ አንድ አነስተኛ የአውሮፕላን መጠገኛ ሃንጋር ስቀጠር ግን እናቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለት ስትሳል ከረመች። የመጀመሪያው አለቃዬ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። መሣሪያ የሚሰቀልበት ሰሌዳ ላይ የእያንዳንዱን መፍቻ ቅርጽ በጥቁር ቀለም ስሎበት ነበር። ማታ ላይ አንዱ ቅርጽ ባዶውን ከቀረ ማናችንም ወደ ቤት አንሄድም። «ሞተር ውስጥ ረስታችኋት እንደሆነስ?» ነበር የሚለው፤ ሌላ ንግግር የለውም። አንድ ጊዜ አንዲት ትንሽ መፍቻ ፍለጋ አምሽተን፣ መጨረሻ ላይ እሱ ራሱ ኪስ ውስጥ ተገኘች። ይቅርታ አልጠየቀም፤ በማግስቱ ግን ለሁላችንም ቁርስ ገዛልን።

ባለቤቴ አስተማሪ ነው። ወልቂጤ ሲመደብ እኔም ሥራ ፍለጋ ተከተልኩት። ዕድል ሆኖ፣ ወደ ሩቅ ክሊኒኮች መድኃኒት የሚያመላልስ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከከተማው ወጣ ብሎ የሣር ማረፊያና የቆርቆሮ ሃንጋር ነበረው። ሁለት ትናንሽ አውሮፕላኖች፣ ሁለት መካኒኮች፣ አንድ አብራሪ። አብራሪው ካፒቴን ነስሩ ነበር።

ካፒቴን ነስሩ የቡታጅራ ሰው ነው፤ ቤተሰቦቹ የመስቃን ገበሬዎች ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሙስሊም ነው። ለብዙ ዓመታት ሌሎችን አስተምሯል፤ የአሠልጣኝነት ፈቃዱንም ይዞ ነው የመጣው። አንድ አውሮፕላን ጠግነን ስንጨርስ ማን አብርሮ ይፈትሸው የሚለው ችግር ሁልጊዜ በእሱ ላይ ይወድቅ ነበር። እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። አንድ ቀን የድርጅቱ ኃላፊ ሁለታችንንም መካኒኮች ጠርተው፣ ከእናንተ አንዳችሁ መብረር ብትማሩ ድርጅቱ ወጪውን ይችላል አሉ። ጓደኛዬ «እኔ የምጠግነውን አውሮፕላን አውቀዋለሁ፤ አልገባበትም» ብሎ ሳቀ። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው የሚያርመውን ደብተር ዘጋና «ፈልገሻል አይደል?» አለኝ። «ፈልጌአለሁ» አልኩት። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ማንበቡና ማጥናቱ አልከበደኝም። ችግር የመጣው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳልቀምስ ነው የምጾመው። አንድ ረፋድ ላይ ከካፒቴን ነስሩ ጋር ተነስተን እየዞርን ሳለ፣ ከፍታችንን እንድነግረው ጠየቀኝ። መለኪያውን አየሁት፤ ቁጥሩ ግን ወደ አፌ አልመጣም። ሁለተኛ አልጠየቀኝም። መሪውን ተቀብሎ አሳረፈና ሞተሩን ካጠፋ በኋላ ብቻ ተናገረ።

«ቁርስ በልተሻል?»

«ጾም ነው፣ ካፒቴን።»

«እሺ» አለ። ወደ ሃንጋሩ ገብቶ የበረራ ተራ ከሚጻፍበት ሰሌዳ ላይ ስሜን በጨርቅ አጠፋው። ቁጣ አልነበረውም። እኔ ግን ተቃጠልኩ። «እርስዎስ በረመዳን?» አልኩት።

«በረመዳን የእኔንም ስም አጠፋዋለሁ» አለኝ። «ጾሜን ይዤ ከረፋድ በኋላ በርሬ አላውቅም። የሚበር ሰው ከአዲስ አበባ እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ፤ ካላገኘሁ መድኃኒቱ በመኪና ይሄዳል። ጾምሽ የራስሽ ነው፣ ብርነሽ። እሱን አልነካም። ሰሌዳው ግን የእኔ ነው።»

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። አባ ገብረ ሥላሴ የወልቂጤ ሰው ናቸው፤ አውሮፕላን በቅርብ አይተው አያውቁም። ነገሩን በጥሞና ከሰሙ በኋላ እንዲህ ጠየቁኝ።

«ለታመመ ሰው ይፈቀዳል። አንቺ አልታመምሽም። መንገደኛ ነሽ ወይ?»

«አዎ አባ፣ መንገደኛ ሳልባል አልቀርም።»

«የት ነው የምትሄጂው?»

«ወልቂጤ ተነስቼ ወልቂጤ ነው የማርፈው።»

አባ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ ቀለል አድርገው፣ ቅዳሜና እሑድ እኮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የለም፤ ከጥሉላቱ ተከልክለሽ ጠዋት እህል ትቀምሻለሽ፤ ለምን በእነዚያ ቀናት አትማሪም? አሉኝ። ይህን እኔም አውቀዋለሁ፤ ግን በንዴቴ አላሰብኩትም ነበር። በዚያ ሁዳዴ ቅዳሜ ጠዋት ሽሮዬን በልቼ፣ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን ሃንጋሩ ውስጥ ሰቅዬ በረርኩ። ካፒቴን ነስሩ የዕረፍት ቀኑን ስለ ሰጠኝ አንድም ቀን ቅሬታ ሲያሰማ አልሰማሁትም።

ብቻዬን የበረርኩበትን የመጀመሪያ ቀን አልተርከውም፤ ሁሉም አብራሪ ያንን ቀን ያወራዋል። የምተርከው የወደቅኩበትን ነው።

የመጨረሻውን የበረራ ፈተና የሚፈትነኝ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ጨዋ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። አነሳሴ ጥሩ ነበር። ከአበሽጌ ሜዳዎች በላይ እያለን እጁን ዘርግቶ የኃይል መስጫውን ዘንግ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሳበውና «ሞተርሽ ጠፍቷል» አለኝ። የሚደረገውን በእንቅልፌም አውቀዋለሁ፤ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ዝቅ፣ ፍጥነትን ጠብቆ መንሳፈፍ፣ ማረፊያ ሜዳ መምረጥ፣ የነዳጅ መክፈቻውን ማየት። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ሲል ግን ግራ እጄ መሪውን ለቀቀች፤ ቀኟ ወደ ግንባሬ ሄደች። በስመ አብ ብዬ ከግንባሬ እስከ ትከሻዬ አማተብኩ። እስክጨርስ አፍንጫው ወደ ላይ እንደቀና ቀረ፤ ፍጥነቱ አለቀ፤ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ክንፉ ተንቀጠቀጠ። ፈታኙ መሪውን ነጠቀኝ።

መሬት ከወረድን በኋላ «እህቴ፣ በጸሎትሽ ውስጥ አልገባም» አለኝ። «ግን መሪውን የያዘ ሰው አልነበረም።» ጣለኝ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የከበዱኝ ናቸው። ሰው ሲጠይቀኝ «በማተቤ ጣሉኝ» እል ነበር። ወሬው በሰፈሩ ሮጠ። የማኅበር ጓደኞቼ አዘኑልኝ፣ ተቆጡልኝ፤ አንዷማ «ድሮስ አሠልጣኝሽ ማን ሆነና» እስከ ማለት ደረሰች። ይህን ስትል ደነገጥኩ፤ ግን ወሬውን ወደ ሌላ አዞርኩት። ሃንጋር ውስጥ አንገቴን ደፍቼ እሠራለሁ። ካፒቴን ነስሩ ይገባል፣ ሰላም ይለኛል፣ ይወጣል። ስለ ፈተናው አያነሳም። እኔ ደግሞ ቢያነሳ የምመልስለትን ክፉ ክፉ ነገር ሳዘጋጅ እውላለሁ።

መጨረሻ ላይ እኔው ሄድኩ። ከሃንጋሩ ጀርባ ሰግዶ ሲነሳ ጠበቅኩትና «እርስዎም ቢሆኑ ይጥሉኝ ነበር?» አልኩት።

«እጥልሽ ነበር» አለኝ።

«ስላማተብኩ?»

«አይደለም። ነይ።»

ወደ አውሮፕላኑ ወሰደኝ። ያንን ልማዱን በየቀኑ አየው ነበር፤ ግን አስተውዬው አላውቅም። ከመግባቱ በፊት ከአፍንጫው ፊት ይቆማል፣ መዳፉን ብረቱ ላይ ያሳርፋል፣ «ቢስሚላህ» ይላል። ከዚያ ያንኑ መዳፍ ሳያነሳ ዙሪያውን ይሄዳል፤ ክንፉን፣ ጭራውን፣ ጎማውን ይዳስሳል። ዓይኑ ያላየውን እጁ ያገኘዋል ይል ነበር። አንዴ በእርግጥም ዓይን የማያየው የላላ ብሎን በመዳፉ አግኝቶ ጠርቶኛል።

«እኔ እዚህ ነው የምጨርሰው» አለኝ፣ መዳፉን አፍንጫው ላይ አድርጎ። «መሬት ላይ ሆኜ፣ ማንም ሳያጣድፈኝ ነው አላህን የምለምነው። ከገባሁ በኋላ እጄ ሌላ ሥራ አለው። ልብሽ እዚያም ላይ ሆኖ ይጸልይ፤ ማን ይከለክለዋል? እጅሽን ግን ከመሪው አታንሺ። ካንቺ ጋር የሚቀመጠውም ሰው የእግዚአብሔር ፍጡር ነው።»

የመጨረሻዋን ቃል ሲናገር ያዘጋጀሁት ክፉ መልስ ሁሉ ጠፋኝ። ወደ ጋቢናው አስገባኝና ዓይኔን በሻሽ አሰረው። ሞተሩ አልተነሳም፤ አውሮፕላኑ ሃንጋር ውስጥ ቆሟል። ድንገት «ጠፋ!» ይላል፤ እጆቼ መሪውን ገፋ፣ መክፈቻውን ዳሰስ፣ የነዳጅ ፓምፑን ጫን ያደርጋሉ። እንደገና። እንደገና። ጓደኛዬ መካኒኩ ከዘይት በርሜሉ ላይ ተቀምጦ ምሳውን እየበላ ያየናል። በሁለተኛው ሳምንት እሱም ከበርሜሉ ላይ ሆኖ «ጠፋ!» ማለት ጀመረ፤ ሻይ እየጠጣሁ እንኳ ግራ እጄ ወደ ፊት ትገፋ ነበር።

እኔም የራሴን ልማድ አበጀሁ። ዙሪያውን ስፈትሽ አቡነ ዘበሰማያትን እደግማለሁ። ከግራ ክንፍ ጀምሬ ሳልቸኩል ከሄድኩ ጸሎቱ ቀኝ ጎማው ጋ ያልቃል። ካፒቴን ነስሩ አሜን እስክል ድረስ አያናግረኝም። አንዳንዴ ከጭራው ማዶ በዝግታ «አሚን» ሲል እሰማው ነበር።

በሁለተኛው ፈተና ያው ፈታኝ መጣ። ዘንጉን ሲስበው አፍንጫው ወዲያው ዝቅ አለ። ሜዳ መረጥኩ፤ እዚያ ማረፍ እንደምንችል እስኪያምን ወረድኩ። ስንመለስ ፈቃዴን ፈረመና «ዛሬስ አልጸለይሽም?» አለኝ። «ጨርሼ ነው የገባሁት» አልኩት። ያቺ «አሠልጣኝሽ ማን ሆነና» ያለችኝ የማኅበር ጓደኛዬ ድፎ ዳቦ ጋግራ መጣች። ለካፒቴን ነስሩ ቆርሼ እንደምወስድለት ስነግራት ትንሽ አሰበችና ትልቁን ቁራሽ ራሷ ጠቀለለችው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ደስ የሚሉ ነበሩ። እጠግናለሁ፤ የጠገንኩትን እፈትሻለሁ። ከላይ ሆኜ የማውቀው አገር ሁሉ አዲስ ሆነብኝ። ከአረቅጥ ደጋ ጠዋት ጠዋት የሚወርደው ጉም እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ቀትር ላይ አየሩ ሲሞቅ አውሮፕላኑ እንዴት እንደሚከብድ በሰውነቴ አወቅኩት። ክረምት ሲገባ መብረር ስለማይቻል ሞተር አውርደን እናጥባለን። ደመወዙ ብዙ አልነበረም፤ ይበቃን ነበር።

አሁን አንድ ቀን ልናገርና ልጨርስ። በጋ ነው። የነዳጅ ስርዓቱን ፈትሸን ከጨረስን በኋላ ብቻዬን ተነስቼ ወደ እዣ አቅጣጫ በረርኩ። አገና ከተማን ካለፍኩ በኋላ ሞተሩ ሳል እንደያዘው ሰው ሆነ፤ አንዴ አገሳ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። መሪው ወደ ፊት ተገፍቶ ነበር። መቼ እንደገፋሁት እኔም አላውቅም። መክፈቻውን ቀየርኩ፣ ፓምፑን ጫንኩ፤ ምንም የለም። ከታች ያለው እንሰት ነው፤ ጓሮ በጓሮ ላይ፣ አጥር በአጥር ላይ። ከዚያ በግራዬ በኩል ጀፎረ አየሁ።

የጉራጌ መንደር የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው። ጀፎረ ማለት በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የሚያልፍ ሰፊ፣ ሣር የለበሰ የመንደሩ የጋራ መንገድ ነው። ማንም አያርሰውም፣ ማንም አጥር አያወጣበትም። ከላይ ሲታይ ረጅምና አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ ይህኛው ደግሞ ቀጥ ያለ ነበር። ወደ እሱ ዞርኩ።

የፈራሁት መውደቁን አልነበረም። ጀፎረው ላይ ሰዎች ነበሩ፣ ከብቶችም ነበሩ፤ ሞተሬ ስለማይሰማ ደግሞ ማንም ቀና አላለም። መስኮቱን ከፍቼ ጮህኩ፤ ነፋሱ ድምፄን ወሰደው። ክንፎቹን ግራ ቀኝ አወዛወዝኩ። እንጨት የተሸከመች አንዲት ሴት ጥላዬ ሲያልፍባት ቀና አለች። ሸክሟን ጣለችና እጆቿን ዘርግታ ወደ ሰዎቹ ሮጠች። ሰዎቹ ወደ ሁለቱም አጥሮች ተበተኑ። ላሞቹ ግን ቆመው ያዩኝ ነበር። ከእነሱ በላይ አለፍኩ፣ ከእነሱ ወዲያ አረፍኩ። ሣሩ ላይ ተንከባለልኩ፤ ከአንድ ትልቅ ዝግባ ሳልደርስ ቆምኩ። ማብሪያዎቹን ሁሉ አጠፋሁ። ከዚያ አማተብኩ።

መጀመሪያ የደረሰችው ያቺ ሴት ናት። በሩን ከፍታ ፊቴን፣ ክንዴን፣ ጉልበቴን ዳሰሰችና «ደም የለም» ብላ ወደ ኋላ ለሰው ተናገረች። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተመርኩዘው መጡ። አውሮፕላኑን ከአፍንጫ እስከ ጭራ አዩት።

«ልጄ፣ ተርፈሻል። እግዚአብሔር ይመስገን። ይህ ግን ጀፎረ ነው። አይታረስም፣ አይታጠርም። ስለዚህ ነገር ግን» ብለው በትራቸውን ወደ አውሮፕላኑ ጠቆሙ፣ «አባቶቻችን ያሉት የለም።»

ሽማግሌዎቹ ዝግባው ሥር ተቀምጠው ተመካከሩ። ነገሩ ለእነሱ ቀልድ አልነበረም። በመጨረሻ፣ ሰው ስላልጎዳ ሌላ መፍትሔ እስኪገኝ ይቆይ፤ ከብቶቹ ግን እንደ ልማዳቸው ይለፉ ተባለ። ቤት አስገብተው ቆጮ በጎመን አበሉኝ። ወልቂጤ ደወልኩ። እስኪመጡ ብዬ የሞተሩን ክዳን ከፍቼ የነዳጅ ቧንቧውን ፈታሁት። ከውጭ ሲታይ አዲስ ነው፤ ውስጡ ያለው ላስቲክ ግን ተልጦ መተላለፊያውን ዘግቶታል። ለሽማግሌው አሳየኋቸው። ጣታቸውን ሰደው ነኩትና «ጉሮሮው ነዋ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ካፒቴን ነስሩ አዲስ ቧንቧ በጋዜጣ ጠቅልሎ በሚኒባስ ደረሰ። «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ከሰዎቹ ጋር ሰላምታ ከተለዋወጠ በኋላ፣ በደህና ስላሳረፍኩት እንደሚያመሰግነኝ ጠብቄ ነበር። አላመሰገነኝም። አውሮፕላኑን በመዳፉ ዞረ፤ ጎማው ሣሩ ላይ የጣለውን መስመር ተከትሎ እስከ ጀፎረው ጫፍ ሄደ፤ ላሞቹ የነበሩበትን ቦታ ጠየቀኝ። ተመልሶ ሲመጣ ዓይኑ እርጥብ ነበር። «አልሐምዱሊላህ» ብቻ አለ፤ ከዚያ መፍቻ አቀበለኝ።

ቧንቧውን ቀየርኩ፣ መሬት ላይ ለረጅም ጊዜ አስነስተን አዳመጥነው። እኔም አብሬው መብረር ፈልጌ ነበር። እሱ ዝግባውን አየና «ያንን ለማለፍ አውሮፕላኑ መቅለል አለበት፤ ለብቻዬ ነው የምወጣው» አለ። አልተከራከርኩትም። ሽማግሌዎቹ ሰዉንና ከብቱን ወደ አጥሩ አስጠጉልን። ተነሳ፤ ዝግባውን በደህና አለፈ። በሞተሩ እስኪተማመን ድረስ ከመንደሩ በላይ እንዲዞር ተነጋግረን ስለነበር፣ እሱን እዚያው ሲዞር ትቼው ሰዎቹን ተሰናበትኩና ወደ መኪና መንገዱ ወረድኩ። ሚኒባስ ወዲያው አገኘሁ።

ከጎኔ የገበያ ዘንቢል የያዙ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። መንገዱ ሁሉ ወሬው ያው ነበር።

«አውሮፕላን ወደቀ አሉ» አሉኝ። «ፈረንጅ ነው አሉ የሚነዳው። በጃንጥላ ወረደ።»

«አልወደቀም፣ እማማ። አርፎ ነው። የነዳሁት እኔ ነኝ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ቱታዬ ዘይት ነው፣ ጥፍሬ ጥቁር ነው። «አንቺ?» አሉ። «እና አውሮፕላንሽ የታለ?»

በዚያው ቅጽበት ድምፁ ከኋላችን መጣና በላያችን አለፈ። የሚኒባሱ ሰው ሁሉ ወደ መስኮት አጋደለ። እኔ አላየሁትም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ሞተሩን አዳመጥኩ። አንዴም አልተደናቀፈም፤ እኩል፣ ንጹሕ ነበር። ዓይኔን ስከፍት አሮጊቷ ከሰማዩ ዓይናቸውን መልሰው በሐዘኔታ ያዩኛል።

«ትቶሽ ሄደ?» አሉኝ።

«የለም» አልኳቸው። «ወልቂጤ ይጠብቀኛል።»